በሌላ ሰው ትዕግሥት

ንስሐ የሚገባ ሰው የጎረቤቱን በደል አይቆጥርም። ስለዚህ ኔትወርኩንም፣ መብራቱንም፣ የሰርቨሩንም አቅም ባነሳ እንኳ በእነሱ ለማመካኘት አይደለም። የእኔ የሆነውን ብቻ ልናገር።

ሥራዬ ጎንደር ተቀምጬ በብራውዘር የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ሰው እጅ ከመግባታቸው በፊት መፈተሽ ነው። ፈታሹ ራሱ ኮድ ነው። እኔ እጽፈዋለሁ፤ እሱ ብራውዘር ይከፍታል፣ ስም ይሞላል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ መምጣት ያለበት ነገር መምጣቱን ያያል። ከመጣ አረንጓዴ፣ ካልመጣ ቀይ። ቀይ ሲሆንብኝ ለዓመታት መጀመሪያ የምነካው አንድ ቁጥር ነበር፤ ኮዱ አንድን ገጽ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ የሚወስነውን ቁጥር። 5 የነበረው 10 ሆነ፣ 10 የነበረው 30፣ በመጨረሻም 60። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ፤ ፕሮግራሙ ግን ያው ነው። የምናዘዘው ይህን ነው። ቁጥሩን ባስረዘምኩ ቁጥር አንድ ሌላ ሰው፣ እኔ በማላየው ቦታ፣ ያን ያህል እንዲጠብቅ እየፈረድኩ ነበር።

መጠበቅ ራሱ ነውር የለበትም። ኮድ ከሰው ይፈጥናል፤ ሰው ገጹን አይቶ ቁልፉን እስኪፈልግ ድረስ ኮዱ ገና ስክሪኑ ላይ ያልወጣ ቁልፍ ሊጫን ሞክሮ ይወድቃል። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚይዘው መድኃኒት ስሊፕ ነው፤ 5 ሰከንድ ተኛ፣ ከዚያ ቀጥል የሚል ትእዛዝ። ገጹ በግማሽ ሰከንድ ቢመጣም ኮዱ 5 ሰከንድ ይተኛል፤ በ6ኛው ሰከንድ ቢመጣ ደግሞ አልመጣም ብሎ ይከሳል። ፈጣኑን ቀን ያባክናል፣ ዘገምተኛውን ቀን በሐሰት ይመሰክርበታል። በአንድ ቴስት ውስጥ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አንድ ቦታ ብቻ አይገባም፤ ቴስቶቹም በመቶ ይቆጠራሉ። ማታ አስጀምረናቸው ጠዋት ስንገባ ያላለቁበት ጊዜ ነበር።

መሣሪያዎቹ ከዚህ የተሻለ ነገር ካቀረቡ ቆይተዋል። ሴሌኒየም የተባለውን ጄሰን ሀጊንስ ቺካጎ በሚገኘው የቶትወርክስ ኩባንያ ቢሮ በ2004 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ሳይመን ስቱዋርት የሠራው ዌብድራይቨር በኋላ ተዋሐደው፤ በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዌብድራይቨር ዓለም አቀፍ የድር መስፈርት ሆኖ ጸደቀ። መስፈርቱ ሦስት የጊዜ ገደቦችን ይለያል። አንድ ነገር ገጹ ላይ እስኪገኝ የሚጠበቀው፣ ካልተነካ፣ ዜሮ ነው። ጃቫስክሪፕት ሠርቶ እስኪመለስ 30 ሰከንድ ይሰጠዋል። ገጹ በሙሉ ተጭኖ እስኪያልቅ ደግሞ 300 ሰከንድ። አምስት ደቂቃ መሆኑ ነው። ይህን ሦስተኛውን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ደስ አለኝ፤ የእኔን 60 ትንሽ አስመሰለልኝ። ሳይፕረስ የተባለው መሣሪያ አንድን ነገር ሲፈልግ 4 ሰከንድ ብቻ፣ ፕሌይራይት የተባለው አንድን ማረጋገጫ 5 ሰከንድ ብቻ እንደሚታገሡ ሳውቅ ግን ቁጥሮቹን ያስቀመጧቸው ሰዎች የእኛን አገር አያውቁም ብዬ አለፍኩ። ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ከስሊፕ የሚሻለው በሁኔታ መጠበቅ ነው። ኮዱ በየግማሽ ሰከንዱ ‹መጣ?› እያለ ይጠይቃል፤ እንደመጣ ወዲያው ይቀጥላል፣ ገደቡ እስኪያልፍ ካልመጣ ይወድቃል። ጥያቄው ምን ይምጣ የሚለው ነው። ብራውዘሩ ገጹን ጭኜ ጨርሻለሁ ሲል ማመን ቀላል ነበር። የዛሬ ገጾች ግን መጀመሪያ ባዶ መደብ ያመጣሉ፣ ጃቫስክሪፕቱ መረጃውን ከዚያ በኋላ ይጠይቃል። ሞሰቡ ቀርቧል፤ እንጀራው ገና ከምጣዱ አልወጣም። አንዳንዱ ፈታሽ ኔትወርኩ ለግማሽ ሰከንድ ጸጥ እስኪል ይጠብቃል። በደካማ ስልክ ላይ ግን ከአንዱ ጥያቄ ወደሚቀጥለው ለመሄድ ብቻ ግማሽ ሰከንድ በጸጥታ ሊያልፍ ይችላል፤ ሰርቨሩን ያለ ማቋረጥ የሚጠይቅ ገጽ ደግሞ ጸጥ የሚልበት ጊዜ የለውም። የፕሌይራይት ሠሪዎች ራሳቸው በዚህ መንገድ አትፈትሹ ይላሉ። ቀናው መንገድ ተጠቃሚው በዓይኑ የሚፈልገውን ነገር መጠበቅ ነው። የሕክምና ካርድ ቁጥር የምትጠብቅ ሴት ካለች ኮዱም የካርድ ቁጥሩን ይጠብቅ።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ለአዲስ ገቢዎችም አስተምር ነበር። ስለዚህ ባለማወቅ ነው ማለት አልችልም።

ያኔ የምፈትሸው ፕሮግራም ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ታካሚ የሚመዘግብ ነበር። ከደባርቅ ወዲያ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ለስልጠና ከቡድናችን ጋር ወጣሁ። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ዳባትን አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣል፣ ከደባርቅ ሲያልፍ ሊማሊሞ ቁልቁል ይወርዳል። አንዱ ሸንተረር ላይ ሲግናሉ ሞልቶ ይታያል፤ ከሸንተረሩ ጀርባ ያለችው መንደር ምንም አታገኝም። የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ከእናቴ ብዙም በዕድሜ የማይርቁ ሴት ነበሩ። ከመስኮቱ ውጭ ሳይነጋ ከቤታቸው የወጡ እናቶች ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ሴትዮዋ መጀመሪያ በትልቁ መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ ከዚያ ወደ ታብሌቱ ዞሩ። ሞሉ፣ ተጫኑ። ክቧ ምልክት መዞር ጀመረች።

‹‹እየው የኔ ልጅ፤ ይዞራል እንጂ አይገባም›› አሉኝ።

‹‹እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጋሉ?››

‹‹እደጋግመዋለኋ። ሰው ቆሟል፣ ምን ላድርግ?››

ደጋገሙት። በኋላ ዝርዝሩን ስንከፍት አንዲት ነፍሰ ጡር በአንድ ቀን፣ በአንድ ስም፣ ከአንድ በላይ ካርድ ወጥቶላት አገኘን። ቀጣዩ ክትትሏ አንደኛው ካርድ ላይ፣ የደም ግፊቷ ልኬት ሌላኛው ላይ ተጽፏል። ቀጥላ ስትመጣ አንደኛውን ብቻ የከፈተ አዋላጅ ግፊቷ ከፍ ብሎ እንደነበር አያይም። በዚያች ሴት ላይ ጉዳት እንዳልደረሰ አጣርተናል። በመዝገቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ካርድ እንዳለ ግን ያን ቀን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የጊዜ ገደብ ማለፍ ምን ይነግረናል? ከወዲህ በኩል የተቀመጠ ብራውዘር ሦስት ነገሮችን መለየት አይችልም። ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል፤ ደርሶ ገና እየተሠራ ይሆናል፤ ተሠርቶ አልቆ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል። ለሴትዮዋ ሦስቱም የምትዞር ክብ ናቸው። መጀመሪያው ከሆነ መድገማቸው ትክክል ነው፤ ሦስተኛው ከሆነ ሁለተኛ ካርድ ይወጣል። ይህንን ሊለይላቸው የሚችለው ፕሮግራሙ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ምዝገባ ከታብሌቱ ሲነሣ የራሱ መለያ ቁጥር ይዞ ከወጣ፣ ያው ቁጥር ዳግም ሲመጣ ሰርቨሩ ‹ይህን መዝግቤዋለሁ፣ ካርዱ ይኸው› ብሎ ይመልሳል። ዘዴው የቆየና የታወቀ ነው፤ ገንዘብ የሚያዘዋውሩ ሲስተሞችም ይጠቀሙበታል።

የእኔ ቴስት ይህን ጉድለት ለምን አላገኘውም? መልሱን ሳገኘው ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። የምዝገባው ቴስት አልፎ አልፎ ይቀላ ነበር፤ መልሱ በ60 ሰከንድም የማይመጣበት ጊዜ ነበረና። በሙያችን አንዴ ቀይ አንዴ አረንጓዴ የሚሆንን ቴስት ፍሌኪ እንለዋለን፤ እንዲህ ብለን ከጠራነው በኋላ ጥፋቱ የቴስቱ ይሆንና ፕሮግራሙ ነፃ ይወጣል። እኔም ሲወድቅ ራሱን እንዲደግም አዘዝኩት። ሲደግም ደግሞ ዳታቤዙን አጽድቶ ከባዶ ይጀምራል፤ ደንቡ ነው፣ አንዱ ቴስት የሌላውን ቅሪት እንዳያይ። እንግዲህ በሴትዮዋ ታብሌት ላይ የሆነው ነገር በእኔ ማሽን ላይም ደጋግሞ ሆኗል ማለት ነው፤ ጥያቄው ሄዷል፣ ካርዱ ወጥቷል፣ መልሱ ጠፍቷል። የተረፈውን ካርድ ግን ያዘዝኩት ድጋሚ ሙከራ ጠርጎ ይጥለዋል፣ በጸዳ ዳታቤዝ ላይም አረንጓዴ ያበራልኛል። ምስክሩን በየሌሊቱ የማጠፋው እኔ ነበርኩ።

ስለ ዘገየ ኔትወርክ የነበረኝ ግምትም ከወንበሬ የመነጨ ነበር። በክሮም ውስጥ ያለው ላይትሃውስ የተባለ መለኪያ ዘገምተኛ ብሎ የሚያስመስለው ግንኙነት ለአንድ ምልልስ 150 ሚሊሰከንድ የሚፈጅና በሰከንድ 1.6 ሜጋቢት የሚያወርድ ነው። በዚህ ፈትሼ ‹ለገጠር ይሆናል› ብዬ ፈርሜያለሁ። የተራራው ችግር ግን ከፍጥነቱ ይልቅ መጥፋቱ ነው። መረጃ በጥቅል በጥቅል ይሄዳል፤ ሲግናሉ ሲደክም ከጥቅሎቹ የሚጠፉ አሉ። ግንኙነት ለመክፈት የተላከው የመጀመሪያ ጥቅል ከጠፋ ማሽኑ 1 ሰከንድ ጠብቆ ይደግማል፤ ያም ከጠፋ 2 ሰከንድ፣ ያም ከጠፋ 4። ስለዚህ ለጎንደር ቢሮ ዓይን ጥቅሻ የሆነው ነገር እዚያ በ1፣ በ3፣ በ7 ሰከንድ እየዘለለ ይመጣል፤ ገና አንድ ፊደል ሳይተላለፍ። አማካይ ብንወስድ ይህ አይታይም፤ ብዙው ቶሎ ያልፍና ጥቂቱ ይሰምጣል፣ አማካዩም ደኅና ይመስላል። ሰልፉን የሚያቆመው ያ ጥቂቱ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ ውጭ አገር ያለውን የሙከራ ሰርቨር ትተን ብራውዘሩንም ሰርቨሩንም ዳታቤዙንም አንድ ማሽን ላይ አመጣናቸው። ቴስቶቹ እንደዚያን ጊዜ ፈጥነው አያውቁም፤ አንድም ቀይ የለም። ጤና ጣቢያዎቹ ምንም መላክ በማይችሉበት ወራት እኛ ከመቼውም ይልቅ አረንጓዴ ነበርን፤ ሪፖርቱንም እንዲሁ ጽፈን ላክን። ሪፖርቱ ውስጥ ውሸት የተጻፈ ቃል የለም። ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ለምን እንዲህ አደረግሁ ብዬ ራሴን ስመረምር መጀመሪያ የማገኘው ፍርሃት ነው። ርክክብ ሲቃረብ ቀይ ቴስት ያለበት ስሙ ይነሣል፤ ቁጥር ማስረዘም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ምዝገባው ለምን 40 ሰከንድ ይፈጃል ብሎ መጠየቅ ግን ሳምንት የሚበላ፣ ከባልደረባ ጋርም የሚያጋጭ ነው። ከፍርሃቱ ሥር ግን ሌላ አለ፤ እሱን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል። ጎንደር ያደግሁ ነኝ። ቀበሌ መጠበቅ፣ ባንክ ሄዶ ሲስተም የለም ተብሎ መቀመጥ፣ ውሃ የሚመጣበትን ሌሊት መጠበቅ የኑሮዬ አካል ነበር፤ ታላላቆቻችንም የሚጠብቅን ልጅ ያመሰግኑታል። 60 ስጽፍ በልቤ ‹ሰዉ ይጠብቃል፣ ለምዶታል› እያልኩ ነበር። እኔ ስጠብቅ ትዕግሥት የሆነው ነገር በሌላው ላይ ስጭነው ትዕግሥት አይደለም፤ ያን ጊዜ ከማላውቃት ሴት ሳላስፈቅድ የምወስደው ጊዜ ነው።

በሙያው መጻሕፍትም ተደግፌያለሁ። ሮበርት ሚለር በ1968 እ.ኤ.አ.፣ ያኮብ ኒልሰን በ1993 እ.ኤ.አ. ሰው ማሽን ሲጠብቅ ሐሳቡ እስከ 10 ሰከንድ ገደማ እንደሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ እንደሚበተን ጽፈዋል። በድረ ገጽ የሚሸጡ ኩባንያዎች ይህን የሚፈሩት ደንበኛው ጥሎ ስለሚሄድ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ያሉት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ግን ጥለው የሚሄዱበት ሌላ ገጽ የላቸውም፤ የቆመችውም እናት ሌላ ጤና ጣቢያ የላትም። ስለዚህ በእኛ ቁጥሮች ውስጥ ትቶ የሄደ ተጠቃሚ አይታይም ነበር፤ እኔም ያንን እንደ ምስጋና ቆጥሬዋለሁ። ምርጫ የሌለው ሰው በመዝገብ ላይ ረክቶ ይታያል።

ጎንደር ይህን ከማንም በፊት ማወቅ ነበረባት ብል የከተማዬን ክብር ማጋነን አይመስለኝም። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የሚያሰማራ ትምህርት ቤት ነበር። ያው ተቋም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳባት ላይ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግባል። እዚያ የሠሩ ሰዎች የዳባትን ጤና ጎንደር ከተማ ቁጭ ብለው አልገመቱም። እኔ በዚያው መንገድ ላይ፣ ለዚያው ሕዝብ የሚሆን ሶፍትዌር፣ ከወንበሬ ሳልነሣ ገምቼ ፈረምኩ።

አንድ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስነግረው ተከራከረኝ፤ ክርክሩም ባዶ አልነበረም። ‹‹ኔትወርክ በዘገየ ቁጥር ቴስት ከቀላ ማን ያምነዋል? ፕሮግራሙ ትክክል መሥራቱን ነው የምንጠይቀው፣ ፍጥነቱን አይደለም›› አለ። ልክ ነው፤ ገደቡን 4 ሰከንድ አድርጌ ሁሉን ቀይ ባደርገው ቀዩን ማንበብ የሚተው ራሱ ቡድኑ ነው። ለረጅም ጊዜ የተሳሳትኩት ሁለት ጥያቄ በአንድ ቁጥር ለመመለስ ስለሞከርኩ ነው። ተሰብሯል ወይስ ዘግይቷል ብሎ ለመለየት ገደቡ ሰፊ ሊሆን ይችላል፣ 60ም ቢሆን ግድ የለም። ሰው ስንት ይጠብቅ የሚለው ግን ለብቻው ይለካል፣ ለብቻው ይጻፋል፣ ሲያልፍ ለብቻው ይከሳል። አሁን ምዝገባው በ38 ሰከንድ ቢያልፍ ቴስቱ አረንጓዴ ነው፤ ከጎኑ ግን 38 ተብሎ ይታያል፣ ከተስማማንበት በላይ ከሆነ ርክክብ የለም። ሊኑክስ ውስጥ ባለው ኔትኤም ሆን ብዬ መዘግየትና የጥቅል መጥፋት እጨምራለሁ። ምዝገባው ከተላከ በኋላ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ግንኙነቱን የሚቆርጥ፣ ዳታቤዙን ሳያጸዳ ደግሞ የሚጫን፣ በመጨረሻም ካርዱ አንድ ብቻ መሆኑን የሚቆጥር ቴስት ጻፍኩ። መጀመሪያ ሲሮጥ ቀላ። ደገምኩት፤ ደግሞ ቀላ። እንዲህ ያለ ቀይ ለቡድኑ አሳይቼ አላውቅም ነበር፤ አሳየሁ፣ መለያ ቁጥሩም ተሠራ።

የቀረኝን ሳልናገር አልጨርስም። ስምምነቱ ላይ ሰው ስንት ይጠብቅ የሚለውን ቁጥር የጻፍነው እኛው ነን፤ 10። የካርድ ክፍሉን ሴትዮ አልጠየቅናቸውም፤ የሚቀጥለው ስልጠና ላይ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ፣ ቡድኑም ይህን ይዞብኛል። በወር መጨረሻ የሚወጣው የሪፖርት ገጽ ቴስት ውስጥም ያ 60 አሁንም አለ። ከጀርባው ያለው የዳታቤዝ ጥያቄ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ከወረዳ የሚጠብቁት ሰዎች እነማን እንደሆኑም አውቃለሁ፤ እስካሁን አልከፈትኩትም።